ኮፐርኒከስ ከወሎ ሲታይ፦ የአውሮፓ የጋራ ሳተላይት ለወረዳ ባለሙያ ምን ያህል ይሠራል?

ፍርዱን ከፊት እናስቀምጠው። ኮፐርኒከስ ብራውዘር የሚባለው የአውሮፓ ኅብረት ነጻ የሳተላይት ምስል አገልግሎት በደቡብና በሰሜን ወሎ ለሚሠራ የግብርና ባለሙያ፣ ለቀያሽና ለተፈጥሮ ሀብት ክፍል ከጥቅምት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ከ5 ኮከብ 4 ተኩል ይገባዋል። ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም ግን 2 ኮከብም ይበዛበታል፤ ክረምት ነው፣ ሰማዩ ዝግ ነው። ስለ አንዲት ጠባብ ማሳ ብቻ ለማወቅ ለሚገባ አርሶ አደር ደግሞ ያን ያህል አይመከርም። ለምን እንደሆነ ከታች በቁጥር ይታያል።

አውሮፓውያን ተባብረው ምን ሠሩ ሲባል ደሴ ላይ መጀመሪያ የሚታሰበው ዩሮ ነው። ከውጭ የሚላክ ገንዘብ ባንክ ላይ የሚመነዘርበት በመሆኑ አይገርምም። ወሎ ድረስ በየቀኑ በነጻ የሚደርሰው ሥራቸው ግን በአብዛኛው ዩሮ የማይጠቀሙ አገሮችም ያሉበት ነው። የኮፐርኒከስ ባለቤት የአውሮፓ ኅብረት ሲሆን ሳተላይቶቹን አሠርቶ የሚያመጥቀው እ.ኤ.አ. በ1975 የተመሠረተው የአውሮፓ የጠፈር ኤጀንሲ ነው። በኤጀንሲው ውስጥ እንግሊዝ፣ ስዊዘርላንድና ኖርዌይ አሉ፤ ሦስቱም የኅብረቱ አባል አይደሉም፣ ሦስቱም በየራሳቸው ገንዘብ ይገበያያሉ። ምስሉ ከሳተላይት የሚወርድባቸው ጣቢያዎች መካከል አንዱ የኖርዌይ ግዛት በሆነችው ስቫልባርድ፣ ሌላው በጣሊያን ማቴራ ነው። ጋሊሊዮ የሚባሉትን የአቅጣጫ ሳተላይቶች የሚያስተዳድረው ኤጀንሲ የተቀመጠው ፕራግ ነው፤ ቼኮች ዛሬም የሚከፍሉት በኮሩና ነው። የአውሮፓ የአየር ትንበያ ማዕከል መሥሪያ ቤት እንግሊዝ ሬዲንግ ላይ፣ ትልቁ ኮምፒውተሩ ጣሊያን ቦሎኛ ላይ ይገኛል። ነገሩ እንደ ቅሬ (ዕድር) ነው፦ ድንኳኑንና ድስቱን በጋራ ገዝቶ በጋራ ለመያዝ የአባላቱ ኪስ አንድ መሆን የለበትም። ይህኛው ቅሬ ልዩ የሚሆነው ዕቃውን አባል ላልሆነም ያለ ኪራይ ማዋሱ ላይ ነው።

ማዋሱ በሕግ የታሰረ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የኅብረቱ ደንብ ዳታው ለማንም፣ ለየትኛውም ሕጋዊ ሥራ፣ ለንግድም ቢሆን በነጻ እንዲሰጥ ይላል። የሚጠየቀው ምንጩን መጥቀስ ብቻ ነው፤ በካርታው ግርጌ «የተሻሻለ የኮፐርኒከስ ሴንቲነል ዳታ» ብሎ ዓመተ ምሕረቱን መጻፍ ይበቃል። በብዙ የወረዳ ሪፖርቶች ላይ ይህች መስመር ትዘለላለች፤ ባትዘለል ጥሩ ነው። ለሐቅ ያህል፣ በዚህ መንገድ መጀመሪያ የሄዱት አሜሪካኖች ናቸው። የራሳቸውን ሳተላይት የላንድሳትን ምስል እ.ኤ.አ. በ2008 በነጻ ለቀቁት። የላንድሳት ፒክሰል (የምስሉ ትንሿ ነጥብ) ግን በየጎኑ 30 ሜትር ነው፤ ለወሎ ማሳ ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም።

ዋናው ዕቃ፦ ሴንቲነል-2

ሴንቲነል-2 የኮፐርኒከስ ምስል አንሺ ሳተላይት ነው። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. ሰኔ 2015፣ ሁለተኛው መጋቢት 2017፣ ሦስተኛው መስከረም 2024 ላይ መጠቁ። ከእነዚህ ሁለቱ በ786 ኪሎ ሜትር ከፍታ እየተፈራረቁ አንድን ቦታ በየ5 ቀኑ ያያሉ፤ በአንድ ማለፍ የሚያነሱት 290 ኪሎ ሜትር ስፋት ነው። ካሜራው ብርሃንን በ13 ባንድ (የብርሃን ክፍል) ይለያል፦ አራቱ በ10 ሜትር፣ ስድስቱ በ20 ሜትር፣ ሦስቱ በ60 ሜትር ፒክሰል። ለማሳ ሥራ የሚፈለጉት ባለ 10 ሜትሮቹ ናቸው፤ ሰማያዊ (ባንድ 2)፣ አረንጓዴ (ባንድ 3)፣ ቀይ (ባንድ 4) እና ዓይን የማያየው ቅርብ ኢንፍራሬድ (ባንድ 8)።

ጤነኛ ቅጠል ቀዩን ብርሃን ይመጥጣል፣ ኢንፍራሬዱን ግን መልሶ ይወረውራል። ስለዚህ ከባንድ 8 ላይ ባንድ 4ን ቀንሶ ለሁለቱ ድምር ማካፈል የአረንጓዴነት መለኪያ ይሰጣል፤ ኤንዲቪአይ የሚባለው ይህ ነው። ታርሶ የተከፈተ አፈር ከ0.1 እስከ 0.2 አካባቢ ይቆማል፤ ጥቅጥቅ ያለ ቡቃያ ከ0.7 በላይ ይወጣል፤ የውኃ አካል ከዜሮ በታች ይወርዳል። ሐይቅ ላይ ሲከፈት ወዲያው ይታያል፦ የውኃው ገጽ ጥቁር፣ የእስጢፋኖስ ገዳም ያለበት ወደ ውኃው የገባ የብስ ደግሞ በዛፉ ምክንያት ደማቅ አረንጓዴ ሆኖ ይለያል።

አጠቃቀሙ ሲጀመር ቀላል ነው። ኮፐርኒከስ ብራውዘር ብሎ በጉግል መፈለግ፣ መክፈት። ለማየት ብቻ መመዝገብ አያስፈልግም፤ ለትንተና የሚሆን ፋይል ለማውረድ ግን በኢሜይል አካውንት መክፈት ይጠይቃል፣ ገንዘብ አይጠይቅም። በቦታ ስም መፈለግ አደጋ አለው። ኮምቦልቻ ብሎ የጻፈ ሰው ሐረርጌ ሊገኝ ይችላል፤ እዚያም ኮምቦልቻ አለ። መጋጠሚያውን ራሱን መጻፍ ይሻላል፦ ለኮምቦልቻ 11.08፣ 39.74፤ ለደሴ 11.13፣ 39.63፤ የሰሜኑ ቁጥር ይቀድማል። ከዚያ ዳታውን ሴንቲነል-2 ኤል2ኤ ላይ ማድረግ ነው። ኤል1ሲ የሚለውን አለመምረጥ፤ እሱ አቧራውና ጭጋጉ ያልተቀነሰለት ነው፣ ኤንዲቪአዩም ዝቅ ብሎ ይወጣል።

ቀኑ በፈረንጅ ነው። መስከረም 1 ሴፕቴምበር 11 ላይ ይውላል፤ ጳጉሜ 6 በሆነች ዓመት ማግሥት ደግሞ 12 ላይ። ሰዓቱ ሌላ ግራ መጋባት ያመጣል። ምስሉ ላይ 07:40 የሚል ቢጻፍ የግሪንዊች ሰዓት ነው፤ በእኛ አቆጣጠር 3 መቀነስ ብቻ ነው፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ከ40። ሳተላይቱ ወሎን የሚያልፈው ሁሌም በዚህ ሰዓት አካባቢ ነው። ይህ መልካም ምርጫ ነው፤ የበልግና የክረምት ደመና በተራራው ላይ የሚቆለለው አብዛኛውን ጊዜ ከቀትር በኋላ ነውና።

ቀጥሎ የደመና ማጣሪያው። ብዙ ሰው 10 በመቶ ላይ ያደርገውና «ምስል የለም» ይላል። ስሕተቱ መቶኛው የሚሰላው በአንድ ሙሉ ቁራጭ ምስል ላይ መሆኑን ካለማወቅ ነው። ደሴ ያለችበት ቁራጭ 37ፒኢኤን የሚባለው ሲሆን በየጎኑ ወደ 110 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ከአቀስታ እስከ ኮምቦልቻ፣ ከዚያም በሐይቅ አልፎ እስከ ውጫሌ ድረስ ያጠቃልላል። ወልድያና ላሊበላ ከዚያ በላይ ባለው ቁራጭ ውስጥ ናቸው። ደመናው ሁሉ ለጋምቦ ደጋ ላይ ተኝቶ፣ ቃሉ ቆላው ጠርቶ እያለ ምስሉ «40 በመቶ ደመና» ይባላል። ማጣሪያውን 60 ላይ አድርጎ በዓይን እያዩ መምረጥ ነው የሚያዋጣው። ምስሉ ግማሹ ባዶ ሆኖ በቀጥታ መስመር ተቆርጦ ከመጣ ደግሞ ደመና አይደለም፣ የሳተላይቱ መንገድ ጠርዝ ነው፤ በሌላ ቀን ይሟላል።

ማሳውን በፖሊጎን (ዙሪያውን በሚዘጋ መስመር) መክበብ ይቻላል፤ ከስልክ በኬኤምኤል ወይም በጂፒኤክስ የተቀዳ ፋይልም ይቀበላል። ኤንዲቪአይን መርጦ፣ ከፖሊጎኑ አጠገብ ያለችውን የግራፍ ምልክት ሲጫኑ የማሳው ለውጥ በጊዜ መስመር ይወጣል። ከአገልግሎቱ ሁሉ ለወረዳ ባለሙያ ትልቁ ጥቅም ይኸው ግራፍ ነው፤ ምስሉ ያማረ ስለሆነ ሰው እሱ ላይ ይቀራል እንጂ ሥራው ያለው ግራፉ ላይ ነው። ሐምሌ ላይ የተዘራ ጤፍ መስከረምና ጥቅምት ላይ ጫፍ ደርሶ ኅዳር ላይ ቁልቁል ይወርዳል። በደጋው የካቲት የተዘራ የበልግ ገብስ ሚያዝያና ግንቦት ላይ ጉብታ ይሠራል፤ ያ ጉብታ በአንድ ዓመት ጠፍጣፋ ሆኖ ከቀረ በልጉ ከሽፏል ማለት ነው፤ የምርት ግምገማ ኮሚቴ ሳይቋቋም ግንቦት ላይ ይታወቃል። ባሕር ዛፍ ደግሞ በበጋ አይወርድም። የካቲት ላይ ዙሪያው ሁሉ ደርቆ አረንጓዴ ሆኖ የሚቀረው ጥግ፣ መስኖ ካልሆነ ባሕር ዛፍ ነው። ከእርሻ ወደ ባሕር ዛፍ የተለወጠ መሬት ስንት እንደሆነ ለመቁጠር ከየካቲት ምስል የተሻለ የለም።

የማያየው

አሁን ወደ ጉድለቱ። 1 ሄክታር 100 ፒክሰል ነው። ብዙ ጊዜ ሩብ ሄክታር ተብሎ የሚታሰበው አንድ ጥማድ፣ 50 በ50 ቢሆን 25 ፒክሰል ይደርሰዋል፤ ከዚህ ውስጥ ጠርዝ ላይ ያሉት 16ቱ ከጎረቤት ማሳ፣ ከድንበር ሣርና ከመንገድ ጋር ሊቀላቀሉ ይችላሉ። የሚታመኑት መሐል ያሉት 9 ብቻ ናቸው። ያውም ማሳው ከፒክሰሎቹ መስመር ጋር ልክ ከገጠመ ነው፤ አይገጥምም። በተሁለደሬና በአምባሰል ዳገቶች ላይ ደግሞ እርከን ከእርከን ያለው ስፋት 8 ሜትር፣ 6 ሜትር የሆነበት ብዙ ነው። እዚያ አንድም ንጹሕ ፒክሰል አይገኝም፤ ግራፉ የሚያሳየው የገብሱን፣ የእርከኑን ሣርና የታችኛውን ሰው ባቄላ ድብልቅ ነው። የእርጥበት መለኪያው ከዚህም ይከፋል፤ የሚሠራው በ20 ሜትር ባንድ ስለሆነ ለአንድ ጥማድ ከነጭራሹ አይሆንም። እንግዲህ ደንቡ ይህ ነው፦ ከግማሽ ሄክታር በታች ለሆነ ነጠላ ማሳ አለመጠቀም፤ ለጎጥ፣ ለተፋሰስ፣ ለቀበሌ መጠቀም። ቆቦ ሜዳ ላይ፣ ጨፋ ላይ፣ ማሳው ሰፋ ባለበት ሁሉ ችግሩ ይቀላል።

ሁለተኛው፣ አረንጓዴ ሁሉ ሰብል አይደለም። ፓርቴኒየም የሚባለው አረም የወረረው ማሳ ከጥሩ ማሽላ ጋር የሚወዳደር ቁጥር ያመጣል። አቀንጭራ ደግሞ በተቃራኒው ነው፦ ሳተላይቱ አቀንጭራዋን አያያትም፣ የሚያየው ማሽላው ሳያድግ መቅረቱን ብቻ ነው፤ ምክንያቱ ዝናብ ይሁን ማዳበሪያ ወይም አረም አይነግርም። ከግራፉ ላይ የወደቀ ቦታ ሲገኝ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ሄዶ ማየት አለበት። ሳተላይቱ የት መሄድ እንዳለበት ይነግረዋል፤ መሄዱን አያስቀርለትም።

ሦስተኛው የተራራ ጥላ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት 4 ሰዓት ተኩል ላይ ፀሐይ በደቡብ ምሥራቅ ዘንበል ብላ ስለምትሆን የገደሎቹ ሰሜን ምዕራብ ጎን ጥላ ይውጠዋል። ጥላ ውስጥ ያለ ኤንዲቪአይ ዝም ብሎ ይዋዥቃል፤ አንዳንዱን ጥላ ሥርዓቱ ራሱ «ውኃ» ብሎ ይመድበዋል። ጦሳ ተራራ ግርጌና የደላንታ ገደሎች አካባቢ በታኅሣሥ የተሠራ የውኃ ካርታ ላይ ኩሬ ከታየ፣ ኩሬ ከመባሉ በፊት በመጋቢት ምስል መረጋገጥ አለበት።

አራተኛው ቴክኒካዊ ነው፣ ግን ብዙ የመመረቂያ ጽሑፍ አበላሽቷል። እ.ኤ.አ. ከጥር 25 ቀን 2022 ጀምሮ በሚወርደው ፋይል ውስጥ በእያንዳንዱ ፒክሰል ቁጥር ላይ 1000 ተጨምሮ ነው የሚቀመጠው። ይህን ሳይቀንስ የ2021ን ፋይል ከ2022 ጋር ያነጻጸረ ሰው ወሎ በአንድ ዓመት ውስጥ የደረቀች ይመስለዋል፤ የተለወጠው አካፋዩ ነው፣ ኤንዲቪአዩ በሐሰት ይወርዳል። ብራውዘሩ ላይ በቀጥታ ለሚሠራ ሰው ሥርዓቱ ራሱ ያስተካክለዋል፤ ፋይል አውርዶ ኪውጂአይኤስ በሚባለው የካርታ ፕሮግራም ለሚሠራ ግን 1000ውን ቀንሶ ለ10,000 ማካፈል የራሱ ኃላፊነት ነው። ቀድመው የወረዱ ፋይሎች ኋላ ዳግም ተሠርተው ስለተለቀቁ፣ ዓመቱን ብቻ ማየት አይበቃም፤ ከፋይሉ ስም ውስጥ ኤን0400 ወይም ከዚያ በላይ የሚለውን ማየት ነው።

ለቀያሾች ደግሞ አንድ ነገር። ሴንቲነል የሚመጣው ደብልዩጂኤስ84 በሚባለው የመጋጠሚያ መነሻ፣ በዞን 37 ሰሜን ነው። የአገራችን የድሮ 1፡50,000 ካርታዎች ግን አዲንዳን በሚባለው መነሻ የተሠሩ ናቸው። ሁለቱ ሳይቀየሩ አንዱ በአንዱ ላይ ሲደረብ ወደ 200 ሜትር ይዛነፋሉ፤ ወንዙ ከወንዙ አይገጥምም። ምስሉን በእጅ ጎትቶ ማስገጠም በሽታውን መደበቅ ነው። ካርታውን በኢፒኤስጂ (የመጋጠሚያ ሥርዓት መለያ) ቁጥር 20137፣ ምስሉን በ32637 አስመዝግቦ ፕሮግራሙ እንዲቀይረው ማድረግ ይገባል። በነገራችን ላይ ባለ 10 ሜትር ምስል ለድንበር ክርክር ማስረጃ አይሆንም፤ ይዞ የሚመጣ ቢኖር በትሕትና መመለስ ነው።

ዳታ ቆጣቢ መሆንም ያስፈልጋል። አንድ ሙሉ ቁራጭ ወደ 1 ጊጋባይት ይጠጋል፤ በሞባይል ዳታ ማውረድ ኪስ ያራቁታል፣ ኔትወርኩም መሐል ላይ ይቆርጠዋል። ብራውዘሩ ውስጥ ፖሊጎን ከብቦ፣ የማውረጃው መስኮት ላይ «አናሊቲካል» የሚለውን መርጦ፣ በቲፍ ቅርጽ የሚፈለጉትን ባንዶች ብቻ ማውረድ ይቻላል፤ ለአንድ ቀበሌ ጥቂት ሜጋባይት ነው። ጄፔግ ማውረድ ለስላይድ እንጂ ለስሌት አይሆንም። በስልክ ይከፈታል፣ ግን ፖሊጎን በጣት መክበብ ስቃይ ነው፤ ላፕቶፕ ይሻላል። አማርኛ የለውም። ይህን ያህል ለዓለም የተከፈተ አገልግሎት ቢያንስ የመነሻ መመሪያውን በአፍሪካ ቋንቋዎች ቢያወጣ ምን ይጎዳው ነበር?

ክረምት ሲገባ፦ ራዳሩ

ሐምሌና ነሐሴ ላይ ሴንቲነል-2 ነጭ ጥጥ ብቻ ያሳያል። ያኔ ወደ ሴንቲነል-1 መዞር ነው፤ ራዳር ስለሆነ ደመናንም ሌሊትንም ያልፋል። ለጨፋ ሜዳ ጎርፍ፣ ቦርከና ሲሞላ የት የት እንደተኛ ለማየት ጥሩ ነው፤ የተኛ ውኃ ራዳሩን ወደ ሌላ አቅጣጫ ስለሚያንሸራትተው ጥቁር ሆኖ ይታያል። ዳገት ላይ ግን ያታልላል። ከሳተላይቱ ፊት ለፊት ያለው ጎን ተጨፍልቆ በጣም ነጭ ይሆናል፤ ከኋላው ያለው ጎን ጥላ ሆኖ ይጠቁራል፣ ውኃም ይመስላል። ሐረጎ ተራራ ላይ «ጎርፍ» የሚያሳይ ካርታ ካጋጠመ መነሻው ይኸው ነው።

የጋራ ዕቃ ችግሩም የጋራ መሆኑ የታየው እዚህ ላይ ነው። ሴንቲነል-1ቢ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2021 የኃይል ብልሽት ገጥሞት ቀረ። ተተኪው 1ሲ ተሠርቶ ቆሞ ነበር፤ የሚያመጥቀው ሮኬት ግን ጠፋ። በ2022 የዩክሬን ጦርነት ሲጀመር አውሮፓ ከሩሲያው ሶዩዝ ተለያየች፤ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ቬጋ-ሲ የተባለው የራሳቸው ሮኬት ከሽፎ ታገደ። 1ሲ የመጠቀው ታኅሣሥ 2024 ነው፤ ሦስት ዓመት ሙሉ በአንድ ሳተላይት ተሠራ፣ ምስሉ የሚመጣበት ልዩነትም ሰፋ። ከመዘግየቱ ጀርባ የአሠራር ምክንያትም አለ። በጠፈር ኤጀንሲው ደንብ አንድ አገር ያዋጣውን ያህል ሥራ ወደ ኢንዱስትሪዎቹ እንዲመለስለት ይጠብቃል፤ ስለዚህ የአንድ ሳተላይት ክፍሎች በብዙ አገር ይሠራሉ። ይህ አባላቱን አስሮ ያቆያቸዋል፣ ሥራውንም ውድና ዘገምተኛ ያደርገዋል። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2020 ከኅብረቱ ወጥታ፣ ከጥር 2024 ጀምሮ ወደ ኮፐርኒከስ እየከፈለች ተመልሳለች። ከኅብረቱ ወጥታም ይህን ለብቻዋ መያዝ እንደማያዋጣት አስልታለች ማለት ነው።

ጋሊሊዮ፦ ስልክ ውስጥ ያለው

ይህኛውን ወሎ ውስጥ ብዙ ሰው ሳያውቅ ይጠቀምበታል። ከእ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 2016 ጀምሮ አገልግሎት የሚሰጥ፣ ከጂፒኤስ ጎን የሚሠራ፣ በሲቪል አስተዳደር ሥር ያለ የአቅጣጫ ሳተላይት ነው። ስልኩ ይቀበል እንደሆነ ለማወቅ ጂፒኤስ ቴስት የሚባለውን ነጻ መተግበሪያ ጭኖ ደጅ ወጥቶ የሳተላይቶቹን ዝርዝር ማየት ነው፤ የአውሮፓ ባንዲራ ያለበት ሁሉ ጋሊሊዮ ነው። ደሴ ላይ ጥቅሙ ግልጽ ነው። ምዕራቡን ጦሳ ይሸፍነዋል፣ መሐሉን ፎቅ ይሸፍነዋል፤ በቀረችው ጠባብ ሰማይ ላይ ሳተላይት በበዛ ቁጥር ነጥቡ ይረጋል። በአንድ ሳይሆን በሁለት ድግግሞሽ (ኤል1 እና ኤል5) የሚቀበል ስልክ ከግድግዳ የሚነጥረውን ምልክት በተሻለ ይለያል፤ ርካሾቹ ስልኮች አብዛኞቹ በአንዱ ብቻ ነው የሚቀበሉት።

የመለኪያ መሣሪያ ሻጮች የሚሉትን ግን ማጣራት ነው። ከጥር 2023 ጀምሮ ጋሊሊዮ በነጻ የሚሰጠው 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ ትክክለኛነት አለ፤ እውነት ነው። ነገር ግን ኢ6 በሚባል ሌላ ድግግሞሽ ወይም በኢንተርኔት የሚመጣ በመሆኑ ተራ ስልክ አይቀበለውም፤ መሣሪያው ኢ6 መቀበሉ በዝርዝሩ ላይ መጻፍ አለበት። ኤግኖስ በሚባለው የነጥብ ማረሚያ ምልክት ስም ተጨማሪ ገንዘብ የሚያስከፍል ካለ ደግሞ ኤግኖስ የተሠራው ለአውሮፓ ሰማይ ነው፣ ለወሎ ብሎ መክፈል ከንቱ ነው።

ትንበያው

የአውሮፓ የመካከለኛ ጊዜ የአየር ትንበያ ማዕከል አባላት ውስጥ ቱርክ፣ ሰርቢያና አይስላንድ ጭምር አሉ። ትንበያውን ዊንዲ በሚባለው መተግበሪያ ውስጥ የማዕከሉን ሞዴል መርጦ ማየት ይቻላል። የሞዴሉ አንድ ሕዋስ 9 ኪሎ ሜትር ነው። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር ላይ ሆነው በአየር መስመር ቅርብ ለቅርብ ስለሆኑ ሞዴሉ መሐላቸው ያለውን ቁልቁለት ያለሰልሰዋል፤ ለደሴ ሙቀቱን ከፍ፣ ለኮምቦልቻ ዝቅ ሊያደርግ ይችላል። «ነገ ከሰዓት 8 ሚሊ ሜትር» የሚለውን እንደ ቃል ኪዳን መያዝ አይገባም፤ የወሎ ነጎድጓድ ከአንድ ሸለቆ ዘንቦ ቀጣዩን የሚዘል ነው። ለሦስት አራት ቀን አጠቃላይ ሁኔታ፣ ጤፍ ሊወቃ ዐውድማ ሲዘረጋ ያልተጠበቀ የኅዳር ዝናብ ይመጣ እንደሆን ለማየት ግን ከሌሎቹ ነጻ ትንበያዎች ይሻላል። ከኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ወቅታዊ መግለጫ ጋር ጎን ለጎን ማንበብ ነው።

ይኸው ማዕከል ኢራ5 የሚባል ያለፈ አየር መዝገብ አለው፤ እ.ኤ.አ. ከ1940 ጀምሮ በየሰዓቱ፣ በ31 ኪሎ ሜትር ሕዋስ። በ1965 ወይም በ1977 ዓ.ም. ወሎ ላይ ስንት ዘነበ ብሎ መጠየቅ ይቻላል፣ መልስም ይሰጣል። መልሱ ግን በሞዴል የተሰላ ነው፤ በዚያን ዘመን በአካባቢው የነበሩት የዝናብ መለኪያዎች ጥቂት ስለነበሩ ሞዴሉ የሚደገፍበት ነገር ቀጭን ነው። የአንዱን ዓመት ድርቀት ከሌላው ጋር ለማወዳደር ይሠራል፤ ሚሊ ሜትሩን ቆርሶ በመመረቂያ ጽሑፍ ውስጥ እንደ ልኬት ማስቀመጥ ግን አይሆንም። ኮምቦልቻ ላይ የጣቢያ መዝገብ አለ፤ ቅድሚያ ለእሱ ነው፣ ኢራ5 መዝገቡ የጎደለባቸውን ወራት ለመሙላት ይግባ፣ ያውም የሁለቱ አማካይ ልዩነት በተመዘገቡት ወራት ላይ ተሰልቶ ከተቀነሰ በኋላ።